የታሰረውን መፍታት፦ የዶስ ዘመን ጥቅል ፋይሎችና የመሥሪያ ቤት መዛግብት

(በሐዋሳ ከተማ፣ በመናኸሪያ ክፍለ ከተማ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር። «ዓመተ ምሕረት» ተብሎ ካልተገለጸ በስተቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የላቲን ፊደላት በድምፃቸው ተጠርተዋል።)




ይህ ስብሰባ የሚካሄድበት ክፍለ ከተማ፣ ስሙ እንደሚያመለክተው፣ የአውቶቡስና የመንገደኛ ሰፈር ነው። በመናኸሪያ ግቢ ቆሞ የጭነት አስተሳሰርን የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ይገነዘባል። ጫኝና አውራጁ በአውቶቡሱ ጣራ ላይ ገመዱን የሚያጠብቀው ለመንገዱ ሲል ነው እንጂ ዕቃው ለዘለዓለም ታስሮ እንዲቀር አይደለም። ቋጠሮውን የቋጠረው ሰው በሥፍራው ካለ መፍታቱ የአንድ አፍታ ሥራ ነው። እርሱ ከሌለ ግን አውራጁ ይቸገራል፤ ትዕግሥት ያጣ እንደ ሆነም ገመዱን በቢላዋ ይቆርጣል፤ ቢላዋውም አንዳንድ ጊዜ ጆንያውን አብሮ ይቀዳል።

የዛሬው ንግግር ርእስ ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓመታት በዶስ ይሠሩ በነበሩ ኮምፒዩተሮች የተዘጋጁ ደብዳቤዎች፣ የደመወዝ መዝገቦች፣ የጥናት ሠንጠረዦችና የሥራ ንድፎች ለመንገድና ለማስቀመጫ እንዲመቹ ተጠቅልለው ታስረዋል። ካሰሯቸው ባለሙያዎች አንዳንዶቹ ጡረታ ወጥተዋል፤ አንዳንዶቹ ወደ ሌላ ሥራ ተዛውረዋል፤ አንዳንዶቹም በሕይወት የሉም። እንግዲህ ጥያቄው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ጥቅሉ ሳይጎዳ እንዴት ይፈታል? ሁለተኛው ደግሞ፣ ከተፈታ በኋላ ይነበባል ወይ? ብዙ ጊዜ የሚታሰብበት የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሥራው የሚፈጸመው ግን ሁለቱም ሲመለሱ ነው።

ጉዳዩ ሐዋሳን ስለ ምን ይመለከታል?

ሐዋሳ በተለያየ ጊዜ የተለያየ አስተዳደር መቀመጫ ሆና የኖረች ከተማ ናት። ቀድሞ የሲዳሞ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች፤ በኋላም የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ሆነች። በ2020 ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ሲሆን ሐዋሳ የአዲሱ ክልል ርእሰ ከተማ ሆነች። በ2021 የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ፤ በ2023 ደግሞ ከቀድሞው ክልል የቀረው የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ተብሎ ተከፈለ።

መሥሪያ ቤት ሲከፈል ጠረጴዛው፣ ወንበሩና ተሽከርካሪው ይቆጠራል፤ የወረቀት ፋይሉም በካርቶን ታሽጎ ርክክብ ይደረግበታል። በመሳቢያ ጥግ የተቀመጡ ጥቂት ዲስኬቶች ግን ከቁጥር የሚገቡ አይመስሉም። ነገር ግን አንድ ተራ የ3½ ኢንች ዲስኬት ለተጠቃሚው 1,457,664 ባይት ያህል ቦታ ይሰጣል። በውስጡ ያለው ጽሑፍ ተጠቅልሎ ወደ ሲሶው የወረደ ከሆነ፣ ሲፈታ ከ4 ሚሊዮን ባይት በላይ ይወጣዋል፤ ለአንድ ገጽ 2,000 ባይት ቢታሰብ ከ2,000 ገጽ የሚበልጥ ጽሑፍ ነው። ጡረታ የሚጠይቅ ሠራተኛ የአገልግሎት ዘመኑን የሚያስረዳለት የደመወዝ መዝገብ፣ የጉድጓድ ውኃ ጥልቀት የተመዘገበበት ሠንጠረዥ፣ ወይም የአንድ ቀበሌ የቦታ ልኬት በዚያ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ዲስኬት ደግሞ እንደ ብራና ዘመናትን የሚሻገር ነገር አይደለም። መግነጢሳዊው ቅብ ከዓመት ወደ ዓመት ይደክማል፤ እርጥበትና ሻጋታም ይጎዳዋል። ለሥራው የቀረው ጊዜ አጭር ነው።

መጠቅለል ያስፈለገበት ምክንያት

ፋይልን መጠቅለል ሁለት ጥቅም ነበረው። ብዙ ፋይሎችን በአንድ ስም ሥር ይሰበስባል፤ መጠናቸውንም ያሳንሳል። በ1980ዎቹ ብዙ ኮምፒዩተሮች 360 ኪሎ ባይት ብቻ በሚይዝ የ5¼ ኢንች ዲስኬት ይሠሩ ስለ ነበር፣ ከአንድ ጠረጴዛ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰነድ ሁሉ በዚያ ጠባብ ቦታ መግባት ነበረበት።

ሁለተኛው ምክንያት ስልክ ነው። የኢንተርኔት አገልግሎት ኢትዮጵያ ውስጥ በጥር 1997 ከመጀመሩ በፊት፣ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ የተባለው የመላ አፍሪካ የልማት መረጃ ሥርዓት ከአዲስ አበባ በፊዶኔት አማካይነት ኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ያስተላልፍ ነበር። ፊዶኔት በ1984 የተጀመረ፣ ኮምፒዩተሮች በመደበኛ ስልክ እየተደዋወሉ ደብዳቤ የሚለዋወጡበት መረብ ነው። ደብዳቤዎቹ ቀኑን ሙሉ ይጠራቀሙና በአንድ ጥቅል ታስረው ይላካሉ፤ ተቀባዩ ኮምፒዩተርም ጥቅሉን ፈትቶ ለየባለቤቱ ያድላል።

የዚህን ጥቅም በቁጥር ማየት ይቻላል። በሰከንድ 2,400 ቢት የሚያስተላልፍ ሞደም፣ ለአንድ ባይት 10 ቢት ስለሚያስፈልገው፣ በሰከንድ 240 ባይት ይልካል። 360,000 ባይት ያለው ሰነድ እንዳለ ቢላክ 25 ደቂቃ የውጭ አገር ስልክ ይፈጃል። ወደ ሲሶው ተጠቅልሎ ቢላክ 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይበቃዋል። ስለሆነም ጥቅል ፋይል በዚያን ዘመን ትርፍ ነገር ሳይሆን ገንዘብ የሚያድን ሥራ ነበር።

አጠቃለሉም ምሥጢር የለውም። በ1977 ሌምፔልና ዚቭ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ባወጡት ዘዴ መሠረት፣ ቀደም ሲል የተጻፈ ነገር እንደ ገና ሲመጣ በሙሉ አይጻፍም፤ «ከዚህን ያህል ቦታ በፊት ያለውን ይህን ያህል ፊደል ድገም» የሚል አጭር ምልክት ይተካዋል። በደመወዝ መዝገብ በየመስመሩ የሚደጋገመው የመምሪያ ስም በዚህ ዘዴ እጅግ ያጥራል። ሀፍማን በ1952 ያወጣው ሁለተኛው ዘዴ ደግሞ ደጋግሞ ለሚመጣው ምልክት አጭር፣ አልፎ አልፎ ለሚመጣው ረጅም መለያ ይሰጣል። ሁለቱም አንዲት ፊደል ሳያጎድሉ ወደ ቀድሞው መልክ ይመለሳሉ።

የጥቅል ዓይነቶችና ባለቤቶቻቸው

በዶስ ዓለም በሰፊው የታወቀው የመጀመሪያው የጥቅል ፕሮግራም በ1985 የወጣው አርክ ነው። ፊል ካትዝ የተባለ አሜሪካዊ ከእርሱ የፈጠነ ፕሮግራም በመሥራቱ በ1988 በፍርድ ቤት ተከሰሰ፤ ክሱ በስምምነት ካለቀ በኋላም ፒኬዚፕ የተባለውን አዲስ ፕሮግራም በ1989 አወጣ። በጃፓን ዮሺዛኪ የተባለ ሐኪም ኤልሃርክን፣ ኋላም ኤልኤችኤ የተባለውን አዘጋጀ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሮበርት ጁንግ ኤአርጄ፣ በ1993 ደግሞ የዩጂን ሮሻል ራር ተከተሉ።

ከእነዚህ መካከል የዚፕ ታሪክ ለመሐንዲስ ትምህርት አለው። ካትዝ የዚፕን የአሠራር ዝርዝር ከፕሮግራሙ ጋር አያይዞ ለማንኛውም ሰው ገልጦ አወጣው። እርሱ በ2000 ገና በ37 ዓመቱ አረፈ፤ ዚፕ ግን አብሮት አልተቀበረም። ዛሬ በመሥሪያ ቤቶች የሚጻፈው የዎርድ ሰነድ እንኳ በውስጡ ዚፕ ነው። ቋጣሪው ቢያልፍም የአቋጣጠሩ ሥርዓት ተጽፎ ከቀረ ቋጠሮው ይፈታል።

የአፈታቱ ቅደም ተከተል

አንደኛ፣ ዋናው ዲስኬት አይነካም። ከመነበቡ በፊት ከመጻፍ ይጠበቃል። በ3½ ኢንቹ ላይ በማእዘኑ ያለችው ትንሽ መዝጊያ ተገፍታ ቀዳዳው ክፍት ሲሆን፣ በ5¼ ኢንቹ ላይ ደግሞ በጎኑ ያለው ቁርጥ በተለጣፊ ሲሸፈን፣ ዲስኬቱ አዲስ ነገር አይጻፍበትም። ከዚያም የዲስኬቱ ሙሉ ግልባጭ በአንድ ጊዜ ይወሰዳል፤ ቀጣዩ ሥራ ሁሉ የሚሠራው በግልባጩ ላይ ነው። ያረጀ ዲስኬት በተነበበ ቁጥር ሊጎዳ ስለሚችል ደጋግሞ መሞከር ደግ አይደለም።

ሁለተኛ፣ የጥቅሉ ዓይነት በስሙ ሳይሆን በመጀመሪያዎቹ ባይቶቹ ይለያል። ስም በማንም ሊለወጥ ይችላል። ዚፕ የሚጀምረው «ፒ» እና «ኬ» በሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ነው፤ የካትዝ ስም መነሻ ፊደላት መሆናቸው ነው። ኤአርጄ 96 እና 234 በሚሉ ባይቶች፣ አርክ 26 በሚል ባይት፣ ራር በራሱ ስም ይጀምራሉ። በኤልኤችኤ ደግሞ ከሦስተኛው ባይት ጀምሮ «-ኤልኤች5-» ወይም ይህን የመሰለ ምልክት ይገኛል። አንዳንድ ጥቅል ራሱን በራሱ የሚፈታ ፕሮግራም ሆኖ ይመጣል። እንዲህ ያለውን ማስነሣት አይመከርም፤ የዚያን ዘመን ቫይረስ ይዞ ሊሆን ይችላልና በመፍቻ ፕሮግራም ከውጭ መክፈት ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ሳይፈታ ይዘቱ ይታያል፤ ጤንነቱም ይፈተናል። በፒኬአንዚፕ «-ቪ» ዝርዝሩን ያሳያል፤ «-ቲ» ይፈትናል። በኤአርጄ «ኤል» ይዘረዝራል፤ «ቲ» ይፈትናል። ይህ ፈተና ምን እንደ ሆነ ለመረዳት የዕቃ ግምጃ ቤትን አሠራር ማስታወስ ይበቃል። ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19 ይመዘገባል፤ ሲወጣ በሞዴል 22 ይወጣል፤ ሁለቱ ካልተገናዘቡ ጉድለት አለ ማለት ነው። ዚፕና ኤአርጄም እያንዳንዱን ፋይል ሲያስገቡ ሲአርሲ የተባለ የ32 ቢት ማረጋገጫ ቁጥር ከፋይሉ አስልተው ይመዘግባሉ፤ ሲያወጡም እንደ ገና አስልተው ያመሳክራሉ። የተበላሸ ፋይል በአጋጣሚ ከትክክለኛው ቁጥር ጋር የሚገጥምበት ዕድል ከ4 ቢሊዮን ጊዜ አንድ እንኳ አይሞላም። በመሆኑም ፈተናውን ያለፈ ፋይል ሲታሰር እንደ ነበረ መሆኑን ባለሙያው በልበ ሙሉነት ሊፈርምበት ይችላል።

አራተኛ፣ ጥቅሉ የሚፈታው በባዶ ማውጫ ውስጥ ነው፤ የውስጥ ማውጫዎቹም እንደ ነበሩ መመለስ አለባቸው። ብዙ መዛግብት የሚጠፉት በዚህ ላይ ነው። ፒኬአንዚፕ «-ዲ» የሚለው ካልተጨመረለት በየማውጫው የነበሩትን ፋይሎች ሁሉ በአንድ ቦታ ይዘረግፋቸዋል። ኤአርጄና ኤልኤችኤም «ኢ» ሲባሉ እንዲሁ ያደርጋሉ፤ የማውጫውን ሥርዓት የሚጠብቁት «ኤክስ» ሲባሉ ነው። በአሥራ ሁለት ወር ማውጫዎች ውስጥ «ደመወዝ» የሚል አንድ ዓይነት ስም ያላቸው አሥራ ሁለት ፋይሎች ቢኖሩና በአንድ ቦታ ቢዘረገፉ፣ ፕሮግራሙ «በቀድሞው ላይ ልጻፍበት?» ብሎ ይጠይቃል። «እሺ» የሚል ሠራተኛ ካጋጠመ በመጨረሻ የሚተርፈው የአንድ ወር መዝገብ ብቻ ነው። ዋናው ጥቅል ተጠብቆ ካልቆየ የአሥራ አንዱ ወር መዝገብ በዚያው ቀረ ማለት ነው።

አምስተኛ፣ የመፍቻው ዕድሜ ከጥቅሉ ዕድሜ ጋር ይገናዘባል። በ1993 የወጣው ፒኬዚፕ 2.04 አዲስ የአጠቃለል ዘዴ ስለ ያዘ፣ ከእርሱ በፊት የነበረው 1.10 ሊፈታው አይችልም። «አልቻልኩም» የሚል መልእክት ሲመጣ ፋይሉ ተበላሽቷል ብሎ መጣል ስሕተት ነው፤ ያረጀው መፍቻው ሊሆን ይችላል። የዶስ ፕሮግራሞች በዛሬው ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ በቀጥታ አይሠሩም። በዶስቦክስ ወይም በ1994 በተጀመረው ፍሪዶስ ግን ይሠራሉ። ሰቨን-ዚፕ የተባለው ነጻ ፕሮግራምም ዚፕን፣ ኤአርጄን፣ ኤልኤችኤንና ራርን ይከፍታል።

በብዙ ዲስኬት የተከፈለ ጥቅል

አንድ ጥቅል በአንድ ዲስኬት አልገባ ሲል በብዙ ዲስኬት ይከፈላል። እዚህ ላይ የሁለቱ ዓይነቶች ጠባይ የተለያየ ነው። ኤአርጄ ከመጀመሪያው ዲስኬት ተነሥቶ በተራ ይቀጥላል። ዚፕ ግን የጭነት ዝርዝሩን የሚጽፈው በጥቅሉ መጨረሻ ስለ ሆነ፣ ፒኬአንዚፕ አስቀድሞ የመጨረሻውን ዲስኬት ይጠይቃል። ይህን የማያውቅ ሰው ፕሮግራሙ የተሳሳተ ይመስለዋል።

የመጨረሻው ዲስኬት ቢጠፋም ተስፋ መቁረጥ አይገባም። በዚፕ ውስጥ እያንዳንዱ ፋይል በራሱ ፊት አጭር መግለጫ ይዞ ስለሚቀመጥ፣ ዝርዝሩን ከእነዚህ መግለጫዎች እንደ ገና መሥራት ይቻላል። ፒኬዚፕፊክስ የተባለው መሣሪያ የተዘጋጀው ለዚሁ ሥራ ነው።

ስምና ቀን

በዶስ የፋይል ስም ከስምንት ፊደልና ከሦስት ፊደል ቅጥያ አይበልጥም፤ ያውም በላቲን ፊደል ነው። ስለዚህ የአማርኛው ርእስ አጥሮ፣ ከጎኑም ሁለት የዓመት ቁጥር ተጨምሮ ይጻፍ ነበር። እንግዲህ በመጨረሻው «87» የሚል ፋይል የየትኛው ዓመት ነው? እንደ አውሮፓውያን 1987 ከሆነ የደርግ ዘመን ነው፤ 1987 ዓመተ ምሕረት ከሆነ ግን ከመስከረም 1994 እስከ መስከረም 1995 ያለው ጊዜ፣ የሽግግሩ መንግሥት ዘመን መጨረሻ ነው። በሁለቱ መካከል መንግሥት ተለውጧል።

መልሱ ብዙ ጊዜ በጥቅሉ ውስጥ አለ። ጥቅሉ እያንዳንዱ ፋይል መጨረሻ የተጻፈበትን ቀንና ሰዓት ይመዘግባል። ይህ ቀን ግን ሳይመረመር አይታመንም። ብዙ ቀደምት ኮምፒዩተሮች ቀኑ በእጅ ካልተሞላላቸው፣ ወይም ባትሪያቸው ከደከመ፣ ከጥር 1 ቀን 1980 ይጀምሩ ነበር። እንዲህ ያለ ቀን በፋይል ላይ ሲገኝ «ቀኑ አይታወቅም» ተብሎ መመዝገብ አለበት። ዋናውን ጥቅል ሳይነኩ ማስቀመጥ የሚያስፈልግበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ በአንዳንድ መሣሪያ የተፈታ ፋይል የዛሬን ቀን ይለብስና የቀድሞው ማስረጃ ይጠፋል።

ከተፈታ በኋላ ይነበባል ወይ?

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ መድረስ ያስፈልጋል። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከጥቅሉ እንደ ወጣ ይነበባል። የአማርኛ ጽሑፍ ግን በመስኮቱ ላይ የላቲን ፊደልና ልዩ ልዩ ምልክት ተደበላልቆ ይታያል። ያየው ሰው ተበላሽቷል ይላል፤ ፈተናው ግን ጤነኛ ነው ይላል። ሁለቱም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው።

በዚያን ዘመን ለአንድ ፊደል የሚሰጠው 8 ቢት በመሆኑ 256 ቦታ ብቻ ነበር። የግእዝ ፊደል ከቁጥሩና ከሥርዓተ ነጥቡ ጋር ከዚያ ይበልጣል፤ በመስከረም 1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 የተሰጠው ቦታ 345 ነው። ከዩኒኮድ በፊት እንደ አጋፋሪ ያሉት የአማርኛ ጽሕፈት ፕሮግራሞች ፊደሎቹን እያንዳንዳቸው በራሳቸው ቅደም ተከተል ይደለድሉ ነበር። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ በ1990ዎቹ ያስተዋወቁት ሴራ የተባለው ሥርዓት አማርኛን በተራ የላቲን ፊደል በድምፁ ስለሚያስቀምጥ፣ በእርሱ የተጻፈው ያለ ልዩ ፕሮግራም እንኳ ይነበባል። የሌሎቹ ቁልፍ ግን የፊደል ቅርጹ ፋይልና ፕሮግራሙ ነው። ከጥቅሉ ውስጥ ደብዳቤዎቹን ብቻ መርጦ አውጥቶ «ፕሮግራሙ አያስፈልግም» ብሎ የተወ ሰው፣ ቤቱን ቆልፎ ቁልፉን እንደ ጣለ ይቆጠራል።

ቁልፉ ጠፍቶ ቢገኝ እንኳ አንድ መንገድ አለ፤ የሚገኘውም ከአገሩ የጽሕፈት ልማድ ነው። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሁሉ አንድ ዓይነት አካሄድ አለው። በራሱ ላይ «ቁጥር» እና «ቀን»፣ ቀጥሎ «ጉዳዩ»፣ በመጨረሻ «ከሰላምታ ጋር»፣ ከእርሱም በታች «ግልባጭ» ይጻፋል። እነዚህ በየደብዳቤው በተወሰነ ቦታ ስለሚገኙ የማይታወቀውን ድልድል በታወቀው ቃል መፍታት ይቻላል። «ከሰላምታ ጋር» ብቻውን ሰባት ፊደል ይገልጣል፤ «ጉዳዩ» ሦስት፣ «ግልባጭ» አራት፣ «ቁጥር» እና «ቀን» ደግሞ አራት አዲስ ፊደል ይጨምራሉ። በድምሩ አሥራ ስምንት ፊደል ይሆናል። በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ የሚመጣው አራት ነጥብ ሲታከልበት፣ የቀሩት ከንባቡ እየተገመቱ ይሞላሉ። መሥሪያ ቤቶች «አሰልቺ ወግ» የሚባሉበት የደብዳቤ ሥርዓት በዚህ ጊዜ የመዝገባቸው መድኅን ይሆናል።

ከባለሙያው የሚጠበቀው

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ማጠቃለያ አጭር ነው። ጥቅልን መፍታት የትእዛዝ ቃል ማወቅ ብቻ ሳይሆን የአደራ ሥራ ነው፤ አደራም ርክክብ ይፈልጋል። የፈታ ባለሙያ አራት ነገሮችን አብሮ ያስቀምጣል፦ ያልተነካውን ጥቅል፣ የፈታበትን ፕሮግራም፣ የአማርኛውን የፊደል ቅርጽ ከድልድል ሠንጠረዡ ጋር፣ እንዲሁም ወደ ዩኒኮድ የተመለሰውን ጽሑፍ። ከእነዚህም ጋር ማን፣ መቼ፣ በምን መሣሪያ እንደ ፈታው፣ የትኛው ፋይል ፈተናውን እንዳለፈና የትኛው እንዳላለፈ የሚገልጽ አንድ ገጽ ወረቀት በፊርማ ይያያዛል። በዲስኬቱ ውስጥ የሰው ደመወዝና የግል ጉዳይ ሊኖር ስለሚችልም፣ ሥራው በመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ፈቃድና በሁለት ሰው ፊት ይከናወን።

ዛሬ የሚታሰረውም ነገ መፈታቱ አይቀርም። በዚህ ዓመት መዝገቡን በምሥጢር ቃል ቆልፎ፣ ዝርዝሩ ባልታወቀ ፕሮግራም ጠቅልሎ የሚያስቀምጥ መሥሪያ ቤት፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ለሚመጣው መሐንዲስ ይህንኑ ችግር ያወርሰዋል። ስለዚህ የሚታሰረው የአሠራር ዝርዝሩ በግልጽ በታወቀ ዓይነት ይሁን፤ ስሙ ዓመቱን ከነአቆጣጠሩ ይናገር፤ ይዘቱም በወረቀት ተዘርዝሮ ከጎኑ ይቀመጥ። የክልልና የመምሪያ ስም ሲለዋወጥ በመሳቢያ ጥግ የቀሩት ጥቂት ዲስኬቶችም ከዛሬ ጀምሮ በንብረት መዝገብ ላይ ይስፈሩ። ያልተቆጠረ ነገር መጥፋቱ እንኳ አይታወቅም።